ሚኒስትሩ ስለ ቆሻሻና ስለ ኮሌራ ሲጠየቅ፤ ከካርቱም ታሪክ

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ማለዳ የማሠልጠኛ ተቋማችን ግቢ በጢስ ይሸፈናል። ዕጩ መምህራኑ ከመኝታ ቤቶች፣ ከወጥ ቤቱ ጓሮና ከአጥሩ ሥር የሰበሰቡትን ጥራጊ ከምረው እሳት ይለቁበታል። ኅዳር ሲታጠን የምንለው ይህ ልማድ በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር አዲስ አበባን የጨረሰውን የኅዳር በሽታ የሚያስታውስ ነው። ያ በሽታ በዚያን ዓመት ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ስለ ነበር መተላለፊያው ትንፋሽ እንጂ ጥራጊ አልነበረም። ሆኖም ሕዝባችን ቆሻሻንና በሽታን ማያያዙ በደፈናው ስሕተት ነው ማለት አይቻልም፤ ለኅዳር በሽታ ባይሆንም ለሌሎች ብዙ በሽታዎች ይሠራልና።

አንድ ዓመት በዚሁ ዕለት፣ ጢሱ ዓይኑን እያስለቀሰው ከአጠገቤ የቆመ ሠልጣኝ፣ «መምህር፣ እኛ የራሳችንን ጥራጊ እናቃጥላለን። ለከተማው ቆሻሻ ግን የሚጠየቀው ማን ነው?» አለኝ። ማዘጋጃ ቤቱ ነው ብዬ መለስኩለት። «ማዘጋጃ ቤቱንስ የሚጠይቀው ማን ነው?» ሲል ደገመ። ለዚህኛው የሰጠሁት መልስ እሱንም እኔንም አላረካም። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

ለምሳሌ የመረጥሁት የጎረቤታችንን የሱዳንን ዋና ከተማ ካርቱምን ነው። አንደኛ፣ ካርቱም ከጣና የሚነሣውን የዓባይን ውሃ ትጠጣለች። ሁለተኛ፣ ብዙ ወገኖቻችን፣ በተለይም ደይም በሚባለው ሰፈር፣ ለረጅም ዘመን ኖረውባታል። ሦስተኛውና ዋናው ምክንያት ግን ሱዳን የሕዝብ እንደራሴዎች ሚኒስትርን በምክር ቤት አቁመው የሚጠይቁበትን ሥርዓት ከእንግሊዞች ወርሳ፣ ደጋግማ ያጣችና ደጋግማ የመለሰች አገር መሆኗ ነው። በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስ።

ሥርዓቱ የመጣበትን ቦታ በመጀመሪያ እንይ። በ1858 ሰኔ ወር ለንደን ላይ ከባድ ሙቀት ነበር። የከተማይቱ መጸዳጃ ቤቶች ፍሳሽ ሁሉ ወደ ቴምዝ ወንዝ ይወርድ ስለ ነበር ወንዙ ይሸት ጀመር። የፓርላማው ሕንፃ የቆመው ደግሞ በወንዙ ዳር ነው። ሽታው እንዳይገባ የመስኮቶቹ መጋረጃዎች በክሎራይድ ኖራ ተነከሩ፤ እንደራሴዎቹ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው ተቀመጡ። ከመካከላቸው አንዱ የሕዝብ ሥራዎችን ይመሩ የነበሩትን ሎርድ ጆን ማነርስን ስለ ሽታው ምን እንደ ተደረገ ቢጠይቃቸው፣ ወንዙ በእርሳቸው ሥልጣን ሥር አለመሆኑን መለሱ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሌላ እንደራሴ ተነሥቶ መንግሥት ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ቢጠይቅ፣ መንግሥት ከቴምዝ ሁኔታ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም የሚል መልስ ተሰጠው።

ይህ መልስ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይመስለኝም። «የእኔ መሥሪያ ቤት አይደለም» የሚለው ቃል በየትኛውም አገር ቢሮ ደጃፍ ላይ ይሰማል። ልዩነቱ መልሱ በቃል ተነግሮ የጠፋ አለመሆኑ ላይ ነው። ቃሉ በምክር ቤት ፊት ስለ ተነገረ ተጽፎ ቀረ፤ በማግሥቱ ጋዜጦች አወጡት፤ ሽታውም እዚያው ነበረ። ዲስራኤሊ በሐምሌ ወር አጋማሽ የሕግ ረቂቅ አቀረቡ፤ ረቂቁ በ18 ቀን ውስጥ፣ ነሐሴ 2 ቀን ሕግ ሆነ። ባዛልጌት የተባለው መሐንዲስም ፍሳሹን ከከተማው በታች ወደ ምሥራቅ የሚወስዱ ታላላቅ ቦዮችን ሠራ። በ1866 ኮሌራ እንደገና ሲገባ ክፉኛ የተመታው ቦዩ ገና ያልተጠናቀቀበት የምሥራቅ ለንደን ክፍል ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እንደራሴዎቹ ለቦዩ ገንዘብ የፈቀዱት በሽታ በመጥፎ ሽታ ይተላለፋል ብለው ስላመኑ ነው። ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም ኮሌራ በውሃ እንደሚተላለፍ በ1854 በአንድ የውሃ መቅጃ ላይ ባደረገው ምርመራ አሳይቶ ነበር፤ የሰሙት ግን ጥቂቶች ናቸው። እንግዲህ ለንደኖችም እንደ እኛ እንደ ኅዳር አጣኞቹ በተሳሳተ ምክንያት ተነሥተው ጥሩ ሥራ ሠሩ ማለት ነው። ሌላም አለ። ሽታው ወደ ራሳቸው አዳራሽ ባይገባ ኖሮ በ18 ቀን ሕግ ይወጣ እንደ ነበር እጠራጠራለሁ።

ወደ ካርቱም እንመለስ። ኪችነር ከተማይቱን ከ1898 በኋላ እንደ አዲስ ሲያሠራት የምክር ቤት ነገር ከቶ አልታሰበም። አገሪቱን የሚገዛው ጠቅላይ ገዢው ነበር፤ እርሱን የሚጠይቅ ሱዳናዊ አልነበረም። ሆኖም የካርቱም የጤና ጥበቃ ታሪክ ዝነኛው ምዕራፍ የተጻፈው በዚሁ ጊዜ ነው። አንድሩ ባልፎር የተባለ የስኮትላንድ ሐኪም በ1902 በጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ውስጥ፣ የመድኃኒት ነጋዴው ዌልካም በሰጠው ገንዘብ የተቋቋመውን ላቦራቶሪ ሊመራ መጣ፤ ቀጥሎም የከተማይቱ የጤና ሹም ሆነ። ባልፎር የታሪክ ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ነበር፤ ሥራውን ግን እንደ ልብ ወለድ አልያዘውም።

የወባ ትንኝ በቆመ ውሃ ላይ እንደምትራባ ከታወቀ ገና ጥቂት ዓመታት ማለፋቸው ነበር። ባልፎር የትንኝ ተቆጣጣሪ ጓዶች አቋቋመ። ጓዶቹ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ጕድጓዶችን፣ የውሃ ገንዳዎችንና ጋኖችን ይመረምራሉ፤ ዕጭ ያገኙበትን ውሃ ይደፋሉ ወይም ዘይት ያፈሱበታል። ከሁሉ የሚገርመው በወንዙ ዳር የሚቆሙት የእንፋሎት መርከቦች ነገር ነው። ከመርከቦቹ ወለል በታች በሚጠራቀመው ውሃ ትንኝ እንደሚራባ ስለ ተደረሰበት መርከቦቹም እንደ ቤት ይፈተሹ ጀመር። ባልፎር በ1913 ሲሄድ ካርቱም ውስጥ ወባ ከሞላ ጎደል ጠፍታ ነበር። የመጸዳጃ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ በባልዲ ነበር። በቤቱ ጀርባ በኩል የሚቀመጠው ባልዲ ሌሊት ሌሊት በሠራተኞች እየተወሰደ ከከተማ ውጭ ይደፋል። የእነዚያ የሌሊት ሠራተኞች ታሪክ በየትኛውም መጽሐፍ በበቂ ተጽፎ አላየሁም።

አንዳንድ ሠልጣኞቼ ይህን ታሪክ ሲሰሙ «ታዲያ ያለ ፓርላማም ይቻላል ማለት ነው» ይላሉ። እውነት ነው፤ ይቻላል። ብልህ ሹም፣ ትንሽ ከተማና ሥልጣን ሲገናኙ ብዙ ነገር ይሠራል። ነገር ግን ሹሙ ሥራውን የሚያስቀድመው ለማን ነው? ባለሥልጣኖቹና ነጋዴዎቹ የሚኖሩባት ካርቱም በሰፊ ጎዳናና በዛፍ ስታጌጥ፣ ከተማይቱን የገነቡት የቀን ሠራተኞች የሚኖሩት በጥብቅ በተጨናነቁት ደይሞች ነበር። ወደ አዲስ ሰፈር የተዛወሩት በ1949 እና ቀጥሎ በነበሩት ጥቂት ዓመታት፣ ማለትም ባልፎር ከሄደ ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። በ1944 የተቋቋመው የሰሜን ሱዳን አማካሪ ጉባኤ ከማማከር በቀር ሥልጣን አልነበረውም፤ በ1948 ታኅሣሥ የተከፈተው የሕግ አውጪ ጉባኤ ግን ምንም እንኳ ጎዶሎ ቢሆን ሱዳናውያን ስለ መንግሥት ሥራ የሚናገሩበት አዳራሽ ነበር። የጤናው ሥራ ኃላፊነትም በዚያን ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ሱዳናዊ ሐኪም፣ ለዶክተር ዓሊ በድሪ ተሰጠ።

ሙሉ ፓርላማ የመጣው በ1954 መጀመሪያ ነው። 97 መቀመጫ ያለው የእንደራሴዎች ምክር ቤትና 50 አባላት ያሉት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት በለንደኑ አምሳል ተቋቋሙ፤ ሚኒስትሮችም ከእንደራሴዎቹ ፊት ቀርበው ጥያቄ መመለስ ግዴታቸው ሆነ። የአገሪቱ ነፃነት የታወጀው እንኳ በዚሁ ምክር ቤት ውስጥ፣ በ1955 ታኅሣሥ 19 ቀን በተሰጠ ድምፅ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን በአጭሩ ልለፈው፤ ምክንያቱም የመፈንቅለ መንግሥት ታሪክ አንዱ ከሌላው እምብዛም አይለይም። በ1958 ኅዳር ጄኔራል ዐቡድ ምክር ቤቱን ዘጉት። በ1964 ጥቅምት ሕዝቡ ተነሥቶ አስወገዳቸው፤ በ1965 ምርጫ ተደረገ። በ1969 ግንቦት ኒሜሪ ዘጉት። በ1985 እርሳቸውም ወደቁ፤ በ1986 እንደገና ተመረጠ። በ1989 ሰኔ ዑመር አልበሺር ዘጉት። ብዙ ፓርቲዎች ተወዳድረው የተመረጠ ምክር ቤት ሚኒስትርን የጠየቀባቸው ዓመታት ሁሉ ቢደመሩ አሥራ ሁለት ገደማ ቢሆኑ ነው።

የቆሻሻ ሥራ ግን በአሥራ ሁለት ዓመት የሚያልቅ ሥራ አይደለም። የፍሳሽ ቦይ ለመሥራት ዓመታት ይፈጃል፤ ከተሠራም በኋላ በየጊዜው ካልተጠገነ ይደፈናል። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሥራ የጀመረው የካርቱም የፍሳሽ መስመር የመካከለኛውን ከተማ ጥቂት ክፍል ብቻ የሚያገለግል ነበር። ከተማይቱ በረሃብና በጦርነት ከደቡብና ከምዕራብ በተሰደዱ ሰዎች ስትሰፋ መስመሩ አብሮ አልሰፋም። አብዛኛው ሕዝብ በጕድጓድ መጸዳጃ ሲጠቀም፣ ገንዘብ ያለው ደግሞ ሲፎን የሚባለውን አስቆፈረ። ሲፎን ማለት ከመጸዳጃው ማጠራቀሚያ የሚወጣውን ፍሳሽ ወደ ምድር ውስጥ የሚያወርድ ጥልቅ ጕድጓድ ነው፤ ብዙ ጊዜም እስከ ከርሰ ምድር ውሃ ይደርሳል። ባለቤቱ ቆሻሻው ከዓይኑ ስለ ራቀ የተገላገለ ይመስለዋል፤ ጎረቤቱ ግን ከዚያው ከርሰ ምድር ውሃ እየሳበ ይጠጣ ይሆናል። ይህን ለተማሪዎች ለማስረዳት አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ጥቂት አሸዋና ቀለም ይበቃል። ከመቶ ቃል ይልቅ ቀለሙ አሸዋውን ዘልቆ ሲወርድ ማየት ያስተምራል።

በ1988 ነሐሴ መጀመሪያ በካርቱም ላይ በአንድ ቀን ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ወረደ። ይህ በረሃ ዳር ላለች ከተማ ከአንድ ዓመት ዝናብ ይበልጣል። የጭቃ ቤቶች ሟሙ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው መጠለያ አጣ፤ የጕድጓድ መጸዳጃዎች በጎርፍ ተሞልተው ያለው ሁሉ ወደ ላይ ወጣ። በዚያን ጊዜ ምክር ቤት ነበረ። አሥራ አንድ ወር ሳይሞላ ግን ተዘጋ። ከጎርፍ በኋላ የሚጠየቀው ዋናው ጥያቄ ቦዩ የት ደረሰ የሚለው ነው፤ ይህም ከዓመታት በኋላ የሚጠየቅ ነው። ጠያቂው ቤት ከተዘጋ ጥያቄውን የሚያስታውስ ሰው አይገኝም።

ወደ ጽሑፌ ዋና ነገር የምደርሰው አሁን ነው።

በ2016 ነሐሴ ወር ገደማ በሱዳን ሰዎች በድንገት እንደ ውሃ በሚፈስ ተቅማጥና በትውከት ይያዙ ጀመር። በሽታው ከአንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው ሲዛመት ቆይቶ በ2017 በነጭ ዓባይና በካርቱም ጭምር በረታ። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ምክር ቤት ነበረ። በኦምዱርማን፣ በወንዙ ዳር በቆመው ታላቅ አዳራሽ የሚሰበሰበው ይህ ብሔራዊ ምክር ቤት 426 መቀመጫ ሲኖረው 323ቱን የያዘው ገዢው ፓርቲ ነበር። በ2017 ሰኔ የጤና ጥበቃ ሚኒስትሩ ባሕር ኢድሪስ አቡ ጋርዳ ስለ በሽታው በምክር ቤቱ ፊት ተናገሩ። ከነሐሴ ወዲህ ከ16,000 በላይ ሰው መታመሙንና 265 ሰው መሞቱን ገለጡ። የበሽታውን ስም ግን «አጣዳፊ ውሃማ ተቅማጥ» አሉት። ሐኪሞችና ተቃዋሚ ፓርቲዎች ኮሌራ ነው ይሉ ነበር፤ መንግሥት ግን ይህን ስም አልተቀበለም።

ይህን ስም የአማርኛ አንባቢ ወዲያው ያውቀዋል። በእኛም አገር አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ ባጭሩ አተት፣ ሲባል የቆየው ነው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ በየግድግዳው የተለጠፈውን ማስታወቂያ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ከእንግዲህ ጥያቄው የስም ብቻ ነውን? አንዳንዱ «ስሙ ምን ያደርጋል፣ ዋናው ሕክምናው ነው» ይላል። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ለታማሚው የሚሰጠው ስኳርና ጨው ያለበት ፈሳሽ ስሙ ቢለዋወጥም አንድ ነው፤ በቶሎ ከተሰጠ አብዛኛውን ሰው ያድናል። አተት የሚለው ቃልም ውሸት አይደለም፤ የሕመሙን ምልክት ይናገራል። ምልክትንና መንሥኤን ለይቶ የሚያሳውቀው ላቦራቶሪ ነው። ናሙናው ተወስዶ፣ ኮህ በ1880ዎቹ በግብፅና በካልካታ ያጠናው ባክቴሪያ መኖሩና አለመኖሩ ይታያል። ይህ ከባድ ምርመራ አይደለም።

ታዲያ መንግሥታት ስሙን የሚፈሩት ለምንድን ነው? ከአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ኮሌራ በዓለም አቀፍ ስምምነቶች ለጎረቤት መንግሥታት እንዲነገር ግዴታ ከተጣለባቸው ጥቂት በሽታዎች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። ስሙ ከተጠራ መርከብ ይቆማል፤ ዓሣና አትክልት የሚገዛ ይጠፋል፤ ጎብኚ ይቀራል፤ ሐጃጅ ይታገዳል። ከዚህም ጋር ኮሌራ የሚመጣው ሰገራ ወደ መጠጥ ውሃ ሲገባ ስለ ሆነ፣ ስሙን መጥራት የውሃውንና የቆሻሻውን ሥራ ውድቀት ማመን ነው። በ1970 ጊኒ ኮሌራ ገብቶባት ሳታሳውቅ ስትቀር የዓለም ጤና ድርጅት በራሱ ሥልጣን ለዓለም አስታወቀባት። ከዚያ ወዲህ ግን ድርጅቱ ስም መጥራትን ለየመንግሥታቱ መተውን መረጠ።

ይህ ነገር በ2017 ከእኛ ጋር በቀጥታ ተገናኘ። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ሆነው የተመረጡት ከ2005 እስከ 2012 የኢትዮጵያ የጤና ጥበቃ ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ናቸው። ከምርጫው በፊት በሚኒስትርነታቸው ዘመን ኮሌራ በሌላ ስም ተጠርቷል የሚል ክስ ቀረበባቸው፤ እርሳቸውም ክሱን ስም ማጥፋት ነው ሲሉ አልተቀበሉትም። በመስከረም ደግሞ የአሜሪካ ሐኪሞች ቡድን የሱዳኑን በሽታ በስሙ እንዲጠሩት የሚጠይቅ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈላቸው። በ2018 መጀመሪያ በሱዳን የሕሙማኑ ቁጥር ከ35,000 በላይ፣ የሟቾቹም ከ800 በላይ ደርሶ ነበር።

እስቲ ወደዚያች የሰኔ ቀን እንመለስና እንደ እንደራሴ እናስብ። ሚኒስትሩ ቁጥር ነግረውሃል። ቁጥሩን የሰጣቸው የራሳቸው መሥሪያ ቤት ነው። የበሽታው ስም በምልክት ብቻ ስለ ተጠራ ከላቦራቶሪው ምን እንደ ወጣ የምታውቅበት መንገድ የለም። ውሃው ለምን ተበከለ ብለህ ብትቀጥል፣ ውሃው የሌላ ሚኒስቴር ነው። የቆሻሻው መጓጓዣስ? እርሱ የካርቱም ክፍለ ሀገርና የየአውራጃው አስተዳደር ነው፤ ሕዝቡ በየወሩ የጥራጊ ክፍያ የሚከፍለው ለእነርሱ ነው። ክፍለ ሀገሩም የራሱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት አለው፤ ወደዚያ ሂድ ትባላለህ። ሎርድ ማነርስ በ1858 ለንደን ላይ የሰጡት መልስ ይህ ነው፤ አሁን ግን በሥርዓት ተከፋፍሎ በሕግ ተጽፏል። ለንደን ላይ መልሱን ያፈረሰው ሽታው ነበር። ሚኒስትሩ የቱንም ያህል «የእኔ አይደለም» ቢሉ አፍንጫ አይታለልም። ኮሌራ ግን አይሸትም። እንደራሴው የታሸገ ውሃ ይጠጣል፤ ታማሚው በነጭ ዓባይ ዳር መንደር ነው። ስለዚህ በኮሌራ ጊዜ የምክር ቤቱ አፍንጫ ላቦራቶሪውና ጋዜጣው ናቸው። እነርሱ ከተያዙ ጥያቄው ይጠየቃል፤ ሚኒስትሩም ይመልሳል፤ ቃለ ጉባኤውም ይጻፋል፤ ምንም ግን አልተጠየቀም።

ይህን ካልሁ በኋላ ለራሴ አስተያየት የማይመቸውን ነገር ብደብቅ የታሪክ መምህር መሆኔ ይቀራል። በ2019 ሚያዝያ አልበሺር ወረዱ፤ ምክር ቤታቸውም ፈረሰ። በመስከረም አዲሱ የጤና ጥበቃ ሚኒስትር አክረም ዓሊ አልቶም ሥራ በጀመሩበት ወር፣ በብሉ ናይልና በሰናር የታየው ተቅማጥ ኮሌራ መሆኑን ሚኒስቴራቸው በይፋ አስታወቀ። በዚያን ሰዓት በሱዳን ሚኒስትርን የሚጠይቅ ምክር ቤት አልነበረም። በሽግግሩ ሰነድ ይቋቋማል የተባለው ሕግ አውጪ ምክር ቤት እስከ 2021 ጥቅምት መፈንቅለ መንግሥት ድረስ ሳይቋቋም ቀረ። 426 እንደራሴ ያለበት ቤት ያላወጣውን ቃል እንደራሴ የሌለበት መንግሥት አወጣው! ስሙ በመጠራቱም ለዓለም አቀፉ የኮሌራ ክትባት ክምችት ጥያቄ ቀርቦ በጥቅምት በሁለቱ ክፍለ ሀገሮች ወደ 1.6 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ ክትባት ተዳረሰ። በሽታው በጥቂት ወራት ተገታ፤ የሞቱት 11 ነበሩ። «ስሙ ምን ያደርጋል» ለሚለው መልሱ እዚህ አለ። ክትባቱን የሚጠይቅ መንግሥት በቅድሚያ ኮሌራ አለብኝ ማለት አለበትና።

እንዴት ሊሆን ቻለ? የእኔ ግምት ይህ ነው። አዲሱ ሚኒስትር የሚከላከሉት ያለፈ ቁጥር አልነበራቸውም። ከዚህም በላይ ለወራት ጎዳና ላይ የቆመ ሕዝብ ከቤቱ ገና አልገባም ነበር፤ በዚያ ሕዝብ መካከል ሐኪሞች ግንባር ቀደም ነበሩ። ጠያቂው አዳራሽ ውስጥ ባይኖርም ውጭ ነበረ ማለት ነው። ይህ ግን እንደ ዝናብ ነው፤ በየዓመቱ አይጠበቅም።

በዚያው በ2019 ኢትዮጵያም በዋግ ኽምራና በሰሜን ጎንደር የተነሣውን በሽታ ኮሌራ ስትል በይፋ ጠራችው። ሁለቱ ጎረቤታሞች በአንድ ዓመት ውስጥ ከአተት ወደ ኮሌራ መሻገራቸው ለእኔ ከብዙ ጦርነቶች ይልቅ ለታሪክ ክፍለ ጊዜ የሚበቃ ርእስ ይመስለኛል። ጎንደር ላይ በ1954 የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኰንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጽዳት ባለሙያዎችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ሲልክ ኖሯል። እነዚያ የጽዳት ባለሙያዎች ስለ ጕድጓድ መጸዳጃና ስለ ምንጭ አጠባበቅ የሚያስተምሩት ትምህርት ዛሬም በሽታውን የሚያቆም ትምህርት ነው።

ሠልጣኙ የጠየቀኝ ስለ ገዛ ከተማችን ስለ ነበር በዚህ ላይ ጥቂት ልበል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣኖችን ለጥያቄ የመጥራትና አሠራራቸውን የመመርመር ሥልጣን ይሰጠዋል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ደግሞ ሥራውን ለከተማ አስተዳደሮች ይሰጣል። በአዲስ አበባ ቆሼ የሚባለው የቆሻሻ ተራራ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲከመር ኖሮ፣ በሰንዳፋ የተሠራው አዲስ መጣያ በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ ከጥቂት ወራት በኋላ ሥራ ሲያቆም ጭነቱ እንደገና ወደዚያው ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ተራራው ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ከነቤታቸው ቀበረ። ምክር ቤቱ የሦስት ቀን ብሔራዊ ኀዘን ዐወጀ። የሰንዳፋው መኪና ሲመለስ ክምሩ ስንት ሊሸከም ይችላል ብሎ መጠየቅ ግን ከኀዘኑ በፊት የሚመጣ ሥራ ነበር፤ አንቀጽ 55ም ለዚህ ይበቃል።

ካርቱምን ትተን እንዳንሄድ የመጨረሻውን ነገር ልናገር። በ2023 ሚያዝያ 15 ቀን በከተማይቱ ውስጥ ጦርነት ተነሣ። ባልፎር ያደነው የቆመ ውሃ፣ የ1950ዎቹ የፍሳሽ መስመር፣ የጥራጊ መኪናዎቹ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ባለቤት አጡ። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ወደ ፖርት ሱዳን ሄደ። በ2024 ነሐሴ ሚኒስቴሩ ኮሌራ መግባቱን በስሙ አስታወቀ፤ ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ዓመት በመላ አገሪቱ ከ100,000 በላይ ሰው ታመመ። በ2025 ግንቦት የድሮን ጥቃቶች በኦምዱርማን ያሉትን የኤሌክትሪክ ጣቢያዎች ስለ መቱ የውሃ ማጣሪያዎቹ ቆሙ፤ ሕዝቡም ውሃ ከወንዙ በቀጥታ ይቀዳ ጀመር። በወሩ መጨረሻ በቀን ከአንድ ሺህ በላይ አዲስ ታማሚ ይመዘገብ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት በዚያን ጊዜ ከጥር ወዲህ በካርቱም ክፍለ ሀገር ብቻ ከ7,700 በላይ ታማሚዎችና 185 ሟቾች መቆጠራቸውን አስታወቀ። በእነዚያ ሳምንታት የበሽታውን ስም የደበቀ አልነበረም። ማጣሪያዎቹ መቼ እንደሚሠሩ ሚኒስትሩን አስነሥቶ የሚጠይቅ ምክር ቤት ግን በኦምዱርማንም በፖርት ሱዳንም አልነበረም።